ሲንድባድ፣ ሮቢንሰን ክሩሶ እና ዳግም መርከብ ያልረገጠው ንጉሥ



ባለፈው ረመዷን አንድ ምሽት በመግሪብና በዒሻ መካከል አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ መስጂዳችን ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ያነባል። አንድ አባት በአጠገቡ ሲያልፉ ቁርኣን የሚቀራ መስሏቸው ደስ አላቸውና ጎንበስ ብለው «የትኛው ሱራ ላይ ደረስክ ልጄ?» አሉት። ልጁ መዋሸት አልፈለገም። «ልብ ወለድ ነው አባባ፤ የአንድ መርከበኛ ታሪክ ነው» አላቸው። አባት ተቆጡ። «በአላህ ቤት ተቀምጠህ ውሸት ታነባለህ?» አሉና ወደኔ ዞረው «አንተስ እያየህ ዝም ትላለህ?» አሉኝ። እኔም ነገሩን ለማብረድ አንድ ሁለት ቃል ተናግሬ አሳለፍኩት።

ከዒሻ በኋላ ልጁ ጠብቆኝ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ የባሕር ታሪክ ማንበብ ሐራም ነው እንዴ? ደግሞስ እኛ ሙስሊሞች የራሳችን የባሕር ታሪክ የለንም? ሁሉም የፈረንጅ ነው።» ለመጀመሪያው ጥያቄ ባጭሩ መለስኩለት። ሁለተኛው ግን ከኪታቦቼ ጋር ብዙ ሌሊት አስቀመጠኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ውጤት ነው።

ስለ ሑክሙ ፈትዋ የምሰጥ ሰው አይደለሁም፤ ልብ ወለድን በተመለከተ ዑለማዎች የተለያየ አቋም አላቸውና ዝርዝሩን ሸይኾቻችሁን ጠይቁ። ሶላት እያሳለፈ የሚነበብ ወይም ሐያእ የሌለው ጽሑፍ ላይ ክርክር የለንም። እኔ ማስታወስ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። የባሕር ጉዞ ታሪክ በመስጂድ ውስጥ፣ ያውም ከሚንበር ላይ ተነግሮ ያውቃል። የነገሩንም ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው።

ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ነው፤ ያስተላለፈችው ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሶላት ካሰገዱ በኋላ ፈገግ እያሉ ሚንበሩ ላይ ተቀምጠው ሰዎቹ ከቦታቸው እንዳይነሱ አደረጉ። ከዚያም ክርስቲያን የነበረውና የሰለመው ተሚም አድ-ዳሪ የነገራቸውን ታሪክ ለሶሐባዎች ተረኩላቸው። ተሚም ከለኽምና ከጁዛም ጎሣዎች ከሆኑ 30 ሰዎች ጋር መርከብ ተሳፍሮ ነበር። ማዕበል አንድ ወር ሙሉ ሲያንገላታቸው ቆይቶ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ አንዲት ደሴት ተጠጉ፤ በትናንሽ ጀልባዎች ወርደውም ፀጉሯ ከመብዛቱ የተነሳ ፊትና ኋላዋ የማይለይ እንስሳ ገጠመቻቸው። ቀሪውን የጀሳሳና የደጃል ታሪክ ታውቁታላችሁ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ይህ እውነተኛ ዜና እንጂ ልብ ወለድ አይደለም፤ ከልብ ወለድ ጋር እያመሳሰልኩት አይደለም። ነገር ግን ከባሕር የተመለሰን ሰው ቁጭ ብሎ ማድመጥ፣ ያየውንም ለሌላው መንገር ለዲናችን እንግዳ ነገር አለመሆኑን ያሳያል።

የጃቢር (ረ.ዐ) ሐዲስም አለ። በአቡ ዑበይዳ የሚመሩ 300 ሶሐባዎች በባሕር ዳርቻ ስንቅ አልቆባቸው በቀን አንድ ቴምር እስከመከፋፈል ደረሱ። ያኔ ባሕሩ እንደ ኮረብታ የሚያህል ዓሣ አወጣላቸው። ከእሱ ለብዙ ቀናት በሉ፤ ከጎን አጥንቱ ሁለቱ ሲተከሉም ግመል ከነጋላቢዋ ከሥራቸው ሳትነካቸው አለፈች። ይህን ልጆች ባሉበት ቤት ተርኩትና ማን እንደሚያንቀላፋ አያለሁ!

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ከሁሉም የሚቀርበን የሰፊናው ሰዎች ታሪክ ነው። ሰፊና ማለት መርከብ ነው። ወደ ሐበሻ የተሰደዱት ሙሃጂሮች በመርከብ መጡ፤ በመርከብም ተመለሱ። አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ከ50 በላይ ከሆኑ ወገኖቻቸው ጋር ከየመን ተነስተው መዲና ለመግባት ተሳፍረው ነበር፤ መርከባቸው ግን ወስዳ ነጃሺ አገር ጣለቻቸው። እዚያም ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብን (ረ.ዐ) አገኙና አብረዋቸው ቆዩ። በ7 ዓ.ሂ ኸይበር በተከፈተች ጊዜ ሁሉም በአንድነት መዲና ደረሱ።

ከተመላሾቹ አንዷ አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ሐፍሷን ለመጠየቅ ሄዳ ሳለ ዑመር (ረ.ዐ) ገቡ። ማንነቷ ሲነገራቸው ያቺ ሐበሻዊቷ፣ ያቺ የባሕሯ ናት ወይ አሉ። ቀጥለውም እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋልና ለነቢዩ እኛ የቀረብን ነን አሏት። አስማእ ዝም አላለችም። እናንተ ከነቢዩ ጋር ነበራችሁ፤ የተራበውን ሲያበሉላችሁ፣ ያላወቀውን ሲያስተምሩላችሁ፤ እኛ ግን በሩቅ አገር በፍርሃትና በእንግልት ነበርን ብላ ተቆጣች። ይህን ለነቢዩ ሳልነግር ምግብም ውሃም አልቀምስም ብላ ማለች። ነገረቻቸውም። እሳቸውም ለዑመርና ለጓደኞቹ አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሰሯት። ከዚያ በኋላ የመርከቡ ሰዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ ወደ እሷ ይመጡ ነበር፤ አቡ ሙሳም ደጋግመው ያስነግሯት ነበር። ይህን ደስታቸውን ቡኻሪና ሙስሊም መዝግበውታል። ባሕር ያቋረጡ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ መልሰው መላልሰው ለመስማት እንዲህ ይጓጓሉ።

እንግዲህ «የራሳችን የባሕር ታሪክ የለንም?» ላለው ወንድሜ መልሱ ከዚህ ይጀምራል። ግን እዚህ አያበቃም።

በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ በዛሬዋ ኢራን ሲራፍ የምትባል የወደብ ከተማ ነበረች። በዐባሲዮች ዘመን ከሲራፍ፣ ከበስራና ከዑማን የሚነሱ የሙስሊም መርከቦች እስከ ቻይና ይሄዱ ነበር፤ በሌላ አቅጣጫ ደግሞ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ። እነዚህ ሰዎች ሲመለሱ ያወሩት ወሬ ተጻፈ። በ237 ዓ.ሂ (851 እ.ኤ.አ) ስለ ቻይናና ስለ ሂንድ የተጠናቀረ አንድ ኪታብ አለ፤ በቀጣዩ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አቡ ዘይድ አስ-ሲራፊ የሚባል ሰው መረመረውና ተጨማሪ ክፍል ጻፈለት። የቻይና ሰዎች ስለሚጠጡት ቅጠልና ስለ መዳብ ገንዘባቸው ሁሉ ይተርካል። እኔን የገረመኝ ግን መጨረሻው ነው። አቡ ዘይድ መርከበኞች ከሚፈጥሩት ውሸት ርቄያለሁ፤ ያሳጠርኩትም ለዚህ ነው የሚል ሐሳብ አስፍሮ ይዘጋል። ሱብሐነላህ! ከአንድ ሺሕ ዓመት በፊት የኖረ የወደብ ሰው፣ ሐዲስ ሲቀራ እንዳደገ ደረሳ፣ የሰማውን ሁሉ አይጽፍም።

ሌላኛው ኪታብ «ዐጃኢቡል ሂንድ» ይባላል፤ የሂንድ ድንቃ ድንቆች ማለት ነው። ቡዙርግ ኢብን ሸህርያር ለሚባል ናኹዳ፣ ማለትም የመርከብ አዛዥ፣ ሲሰጥ ቆይቷል፤ አሁን በዚህ የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ይህኛው እንደ አቡ ዘይድ ጥብቅ አይደለም። ከ130 በላይ አጫጭር ታሪኮች አሉት፤ ግማሾቹ ዓይን ያዩት የሚመስሉ፣ ግማሾቹ ለማመን የሚከብዱ ናቸው። ግን ደስ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ወሬውን ማን ለማን እንደነገረው ይጽፋል። ኢስናድ ነገር አለው ማለት ነው፤ ደካማም ቢሆን።

እዚያ ውስጥ አብሃራ የሚባል ሰው አለ። የኪርማን ሰው ነው። እረኛ ነበር፤ ቀጥሎ ዓሣ አጥማጅ ሆነ፤ ቀጥሎ መርከበኛ፣ በመጨረሻም ናኹዳ። ቻይና ሰባት ጊዜ ደርሶ ተመልሷል። ኪታቡ እንደሚለው በዚያ ዘመን ሰው በሕይወት ቻይና መድረሱ ራሱ ዐጂብ ነበር፤ ደህና ሆኖ መመለስማ የማይታሰብ ነው። አንድ ጊዜ ሌላ ናኹዳ ከሲራፍ ወደ ቻይና ሲሄድ በረጋ ባሕር ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየ። ሰዎች ልኮ ሲያጣራ አብሃራ ነው! ብቻውን በአንዲት ጀልባ ላይ ውሃ የያዘ አቁማዳ ይዞ ተቀምጧል። ወደ መርከቡ ና አሉት። እምቢ አለ። ከኔ ይልቅ አደጋ ላይ ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ የመርከቡን አዛዥነት ሰጥታችሁኝ 1,000 ዲናር ካልከፈላችሁኝ አልወጣም አላቸው። ሰውየው የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብለው ተስማሙ።

ሲወጣ መጀመሪያ ያዘዘው ከባድ የንግድ ዕቃውን በሙሉ ባሕር ውስጥ እንዲጥሉት ነው። ከዚያ ዋናውን የሸራ ምሰሶ አስቆረጠ፤ የመልሕቆቹንም ገመድ አስበጠሰ። ነጋዴዎቹ ምን ተሰምቷቸው እንደሚሆን አስቡት። በሦስተኛው ቀን እንደ ሚናራ የቆመ ደመና ታየ፤ ከዚያ ታላቁ ማዕበል መጣ። መርከባቸው ስለቀለለች ብቻ ሦስት ቀንና ሌሊት ተንሳፍፋ ተረፈች።

አብሃራ ሰባት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ አልኩ። ሰባት ጊዜ የሄደ ሌላ የባሕር ሰውስ? ሲንድባድ! ሲንድባድን የፈጠሩት ተራኪዎች አብሃራን ያውቁት እንደሆነ ማረጋገጫ የለኝም። ግን የሲንድባድ ታሪክ ከእነዚህ የሲራፍና የበስራ ወሬዎች አፈር መብቀሉን ሁለቱን ያነበበ ሰው አይስተውም። ደሴት የሚመስለው ዓሣ አለ፤ ግዙፉ ወፍም አለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ሰው ሲንድባድ ከጥንት ጀምሮ የ«አንድ ሺሕ አንድ ሌሊት» ክፍል ይመስለዋል። አይደለም። ለብቻው የሚዞር ታሪክ ነበር። አንቷን ጋላን የሚባል ፈረንሳዊ በ1701 እ.ኤ.አ አካባቢ ለብቻው ከተረጎመው በኋላ ከ1704 ጀምሮ ባሳተመው የሌሊቶቹ ትርጉም ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ አውሮፓ ሁሉ አነበበው። እኛም ዛሬ በካርቱንና በፊልም የምናየው በዚያ በኩል ዞሮ የመጣውን ነው።

ሲንድባድን አንብቡት፤ ደስ ይላል። ግን ስታነቡ አንድ ነገር ተከታተሉ። በየጉዞው አብረውት የተሳፈሩት ሰዎች የት ገቡ? ይሰምጣሉ፤ ይበላሉ፤ ይጠፋሉ። ስም እንኳ የላቸውም። እሱ ብቻ አልማዝ ይዞ ባግዳድ ይገባል፤ ድግስ ይደግሳል፤ ሰደቃ ይሰጣል፤ ከዚያ ይሰለቸውና በአዲስ ጓደኞች እንደገና ይነሳል። በአራተኛው ጉዞ ሚስቱ ስትሞት በአገሩ ልማድ ከነሕይወቱ ከሬሳዋ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ምን እንዳደረገ ታስታውሳላችሁ? እንደሱ በሕይወት የሚወርዱትን ሰዎች በአጥንት እየመታ ገድሎ ስንቃቸውን እየበላ ቆየ። ጌጣቸውንም ሰብስቦ ወጣ። ተራኪው በዚህ ላይ ብዙ አይቆምም፤ አንባቢውም አብሮ ያልፋል። ምክንያቱም ታሪኩን የሚነግረን የተረፈው ሰው ነው፤ ያውም ሀብታም ከሆነ በኋላ፣ በቤቱ፣ ምግብ ቀርቦ።

ዐጃኢቡል ሂንድ ውስጥ ያለው ባሕር እንዲህ አይደለም። በ306 ዓ.ሂ ከሲራፍ ወደ ሂንድ ሲሄዱ ስለሰመጡ መርከቦች ይተርካል፤ ነጋዴውና መርከበኛው ተደምሮ 1,200 ያህል ሰው አልቋል። በትንሽ ጀልባ ተርፈው በረሃብ የተያዙ ሰዎች አብሯቸው ያለውን አንድ ወፍራም ልጅ ለመብላት እንዳሰቡ ራሳቸው ይናገራሉ። አባቱ የሰመጠበት ልጅ ነው። ልጁ ከዓይናቸው ገባው። ወደ ሰማይ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር። ጥቂት ሳይቆይ የመሬት ምልክት ታያቸው። ይህን የሚተርክልን ሊበላው ካሰቡት አንዱ ነው። አልደበቀም።

ለምን ይህን ያህል በዚህ ላይ እንደቆምኩ ልንገራችሁ። በየከተማችን ሲንድባድን የሚተርኩ ሰዎች አሉ። መጽሐፍ አልጻፉም፤ ስልክ ብቻ ነው ያላቸው። ደላላ እንላቸዋለን። ኦቦክ ወይም ቦሳሶ ድረስ፣ ከዚያ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ። የእነሱም ታሪክ መጨረሻው ብቻ ነው የሚነገረው፤ እከሌ ደርሶ ለእናቱ ቤት ሠራ። አብረው የተሳፈሩት ስም የላቸውም። ባለፈው ዓመት ከዐስር በኋላ አንዲት እናት በወንድማቸው በኩል ለልጃቸው ሶላተል ጋኢብ እንዲሰገድ ለምነውን ሰግደናል። ልጁን አውቀው ነበር፤ ዊትር ሳይሰግድ አይወጣም ነበር። ጀናዛው ግን ባሕር ውስጥ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጀናዛቸው በሌለበት የሰገዱላቸው ነጃሺ ለባሕር ስደተኞች በር የከፈቱ ንጉሥ እንደነበሩ ያን ቀን ሶፍ ላይ ቆሜ ትዝ አለኝ።

የቀይ ባሕር ደላላ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የአንዳሉሱ ኢብን ጁበይር በ1183 እ.ኤ.አ ለሐጅ ሲሄድ ከዐይዛብ ወደ ጂዳ በዚህ ባሕር ተሻግሯል። ዐይዛብ በአፍሪካው ዳርቻ፣ ዛሬ ግብፅና ሱዳን በሚዋሰኑበት አካባቢ የነበረች ወደብ ናት። ጀልባዎቹ ሚስማር የላቸውም፤ ሳንቃቸው በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ነው። ባለቤቶቹ ሐጃጆቹን በቆጥ እንዳለ ዶሮ አንዱን በአንዱ ላይ ይጭናሉ ይላል። ዓላማቸው የጀልባዋን ዋጋ በአንድ ጉዞ መመለስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባሕሩ የፈለገውን ያድርጋት። እኛ የሚመለከተን ጀልባው ነው፤ ነፍሳቸው የሐጃጆቹ ጉዳይ ነው የሚል አባባል እንደነበራቸውም ጽፏል። ኢብን ጁበይር ይህን የሚጽፈው ስለ ሙስሊም ባለ ጀልባዎች ነው። ወገኖቼ ናቸው ብሎ አላለሳለሰም። በዚህ ምክንያት እወደዋለሁ።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ፤ «ሁሉም የፈረንጅ ነው» ብሎ ነበር። በእርግጥ ዛሬ የባሕር ልብ ወለድ ሲባል ቀድሞ የሚጠራው በ1719 እ.ኤ.አ የታተመው የዳንኤል ዲፎ «ሮቢንሰን ክሩሶ» ነው። ብቻውን ደሴት ላይ የቀረ ሰው ታሪክ ነው። የእኛው የአንዳሉሱ ሐኪም ኢብን ጡፈይል በ12ኛው ክፍለ ዘመን ደሴት ላይ ብቻውን ያደገና በማስተንተን ፈጣሪውን ያወቀ ልጅ ታሪክ ጽፏል፤ «ሐይ ኢብን የቅዟን» ይባላል። በ1671 ወደ ላቲን፣ በ1708 ከዐረብኛው በቀጥታ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሟል። ዲፎ አንብቦታል የሚሉ አሉ፤ ያልተረጋገጠ ነውና ከእኛ የተሰረቀ ነው ብላችሁ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉበት።

ከዚያ ይልቅ ሮቢንሰን ደሴቱ ላይ ከመድረሱ በፊት ያለውን ክፍል ተመልከቱ፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሮቢንሰን በመጀመሪያ በሞሮኮዋ ሳሌ ሙስሊሞች እጅ ወድቆ ባሪያ ሆኖ ነበር። ዙሪ ከሚባል ልጅ ጋር በጀልባ ያመልጣል። ልጁ በመንገድ ያገለግለዋል፤ ለሕይወቱ ይቆምለታል። አንድ የፖርቱጋል ካፒቴን ሲያገኛቸው ሮቢንሰን ዙሪን በ60 የብር ገንዘብ ይሸጠዋል። ውሉም ልጁ ክርስቲያን ከሆነ በ10 ዓመት ነፃ እንዲወጣ ነው። በኋላ ዙሪ ትዝ የሚለው ለእርሻው የሚሠራ ሰው ሲያጣ ነው። ያ መርከቡ የተሰበረበት የታወቀው ጉዞ ደግሞ ምን ፍለጋ ነበር? ከጊኒ ጠረፍ ባሪያ ለማምጣት። ዙሪ ከዚያ ወዲያ በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት ቃል አይናገርም። ምን እንደደረሰበት አናውቅም።

እዚህ ላይ ደርሰን «አያችሁ ፈረንጆችን!» ብለን ብንዘጋ ደስ ይለን ነበር። ግን የኛም መርከቦች ባሪያ ጭነዋል። የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች፣ ያኔ ዘንጅ የሚባሉት፣ በዑማንና በበስራ ገበያ ተሸጠዋል፤ ከበስራ አካባቢ በጨዋማ ረግረግ ላይ ሲሠሩ የነበሩት ከ255 እስከ 270 ዓ.ሂ ያካሄዱት አመፅ የዐባሲዮችን መንግሥት አናግቶታል። ከሐበሻም በቀይ ባሕር የተሻገሩ ብዙ ናቸው። ይህን የሚሸፍን የታሪክ ትምህርት ትምህርት አይደለም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ የሲራፍና የዑማን መርከበኞች ከተሸጡት የአንዱን ቃል በራሳቸው ኪታብ ውስጥ አስቀርተውልናል።

ታሪኩ ከዚያው ከዐጃኢቡል ሂንድ ነው። ናኹዳው ኢስማዒለወይህ ይባላል። በ310 ዓ.ሂ (922 እ.ኤ.አ) ከዑማን ተነስቶ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወዳለችው ቀንበሉ ሲሄድ ነፋስ ወደ ሱፋላ፣ ዛሬ ሞዛምቢክ ወደምንለው ጠረፍ ወሰደው። የአገሩ ሰዎች ሰው ይበላሉ የሚል ወሬ ስለነበር መርከበኞቹ ለሞት ተዘጋጁ። ወጣቱ ንጉሥ ግን በክብር ተቀበላቸው። ቀረጥ ሳይጠይቅ እንዲነግዱ ፈቀደላቸው። ደህና ሸጡ፤ ደህና ገዙ። ሊሄዱ ሲሉ ንጉሡ ከሰባት ባልደረቦቹ ጋር መርከቡ ድረስ ወጥቶ ሊሰናበታቸው መጣ።

ኢስማዒለወይህ ሲያያቸው በልቡ ሒሳብ ጀመረ። ሒሳቡን ራሱ ነው የሚነግረን። ይህ ንጉሥ ዑማን ገበያ ላይ በሐራጅ 30 ዲናር ያወጣል። ሰባቱ 160 ዲናር። የለበሱት ልብስ 20 ዲናር። ከዚያ ሸራውን አስዘረጋ። ንጉሡ ነገሩ ሲገባው መርከቡ ከጠረፍ ርቋል። ከሌሎች ባሪያዎች ጋር ቀላቅለው ወሰዱት፤ ዑማን ላይ ሸጡት።

ዓመታት አለፉ። ያው ናኹዳ በዚያው ባሕር ሲሄድ ያው ነፋስ መጥቶ በዚያው ጠረፍ ላይ ጣለው። ጀልባዎች ከበቧቸው። መርከበኞቹ የጀናዛ ሶላታቸውን ሰግደው ተሰናበቱ። ተይዘው ንጉሡ ፊት ሲቀርቡ ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ማን ነው? ያው ራሱ! እግራቸው ከዳቸው፤ መሬት ላይ ወደቁ። እሱ ግን አማን ሰጥቶ አስነሳቸው፤ የድሮ ወዳጆቼ አይደላችሁም ወይ ብሎም ጠየቃቸው።

ከዚያ የደረሰበትን ነገራቸው። ዑማን ላይ የገዛው ሰው ወደ በስራ ወሰደው፤ እዚያ ሶላትና ጾም ተማረ፤ ከቁርኣንም ሐፈዘ። ቀጥሎ ለሌላ ሰው ተሽጦ ባግዳድ ገባ። ዐረብኛ ተማረ፤ መስጂድ ውስጥ ከሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ሰገደ። አንድ ቀን ከኹራሳን በግመል የመጡ ሰዎች አየ። ወዴት ናችሁ? መካ። ሐጅ ምን እንደሆነ ሲነግሩት ከጌታው ተሰውሮ አብሯቸው ሄደ። ሐጅ አደረገ። ወደ ባግዳድ መመለስ ሞት ነውና ከሐጃጆች ጋር ግብፅ ገባ። እዚያ ትልቁን ወንዝ አይቶ ከየት እንደሚመጣ ጠየቀ። ከዘንጅ አገር ነው አሉት። ወንዙን ተከትሎ በእግሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። በመንገድ ተይዞ ታሰረ፤ አመለጠ፤ እንደገና ተይዞ ተሸጠ፤ አሁንም አመለጠ። በመጨረሻ በሌሊት አገሩ ገባ። አንዲት አሮጊት ጠየቀ፤ አላወቀችውም። ንጉሣችን በሕይወት እንዳለ ጠንቋዮች ስለነገሩን ሌላ አላነገሥንም አለችው።

ይህ ሰው እውነት ነበረ ወይ? የናይልን ወንዝ ተከትሎ ሱፋላ መድረሱን ካርታ ያየ ሰው ይጠራጠራል፤ እኔም እጠራጠራለሁ። አቡ ዘይድ ቢሆን ምናልባት አይጽፈውም ነበር። ግን ሌላ ነገር አስተውሉ። በክህደት ተወስዶ በርካሽ ዋጋ የተሸጠ ወጣት፣ በባዕድ አገር በሰው ቤት ቆይቶ ወደ ሥልጣን የደረሰ፤ የሸጡትም ሳያስቡት ተቸግረው ፊቱ የቀረቡ፤ እሱም ይቅር ያላቸው። ይህ የማን ታሪክ ነው? ዩሱፍ (ዐ.ሰ)! ያንን ወሬ በሲራፍ ወደብ የሰሙ ሰዎች ሁሉ ሱረቱ ዩሱፍን ያውቁታል። ታሪኩ ሲነገራቸው የወንድሞቹ ቦታ የማን እንደሆነም አያጡትም። የዑማንና የሲራፍ ባለ መርከቦች ራሳቸውን ከጉድጓዱ አፍ ላይ እንደቆሙት ወንድሞች አድርገው ተረኩ፤ ሌላው ደግሞ ቀዳው፤ ጻፈው።

ንጉሡ ይቅር አላቸው። የእስልምና ሰበብ ሆናችሁኛልና ብሎ ደስታውን ነገራቸው፤ ሕዝቡም አብሮት ሰልሞ ነበር። ባግዳድ ያለው የቀድሞ ጌታው ነገር ግን ያሳስበው ነበር፤ ሳያስፈቅደው ወጥቷል። አማና የሚጠብቅ ሰው ባገኝ የገዛኝን ዋጋ አብዝቼ እልክለት ነበር አላቸው። ለኢስማዒለወይህ አልሰጠውም።

ሲለያዩም ሙስሊሞች ወደ አገሩ እንዲመጡ፣ ከእንግዲህ ወንድሞቻቸው እንደሆኑ እንዲነግሩለት አደራ አላቸው። መርከቡ ድረስ ወጥቶ መሸኘቱን ግን ይቅርታ ጠየቀ፤ ለዚያ የራሴ ምክንያት አለኝ አላቸው።

ወላሁ አዕለም።